በክር የለካሁት መቃብር

ባሌ በሞተ በሰባተኛው ሳምንት፣ አንዲት የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት ከቤታቸው ሰርቄ የመቃብር ስፍራ ሳዞራቸው ዋልኩ። «ሰረቅሻት» ያለችኝ ልጃቸው ናት። እኔ ግን ማን ማንን ይዞ እንደወጣ ዛሬም አልገባኝም። ሰምታችሁ ፍረዱ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ስሜ ታደለች ነው፤ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ባሌ ኤርሚያስ ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦና ወተት፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ የሚሸጥባት አንድ ክፍል ሱቅ። እኔ ኖርዉድ ሰፈር ሚስስ ፍሬዳ የሚባሉ አይሁዳዊት ባልቴት እጦር ነበር። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ እንደ ሃይማኖታቸው ሕግ የሥጋውን ሳህን ከወተቱ ሳህን ሳላደባልቅ አበስላለሁ። ኮሮና ሲመጣ ሲድኒ ያለችው ልጃቸው ሻሮን ደወለችና፣ «ወይ እናቴ ጋር ተጠቃለሽ ትገቢያለሽ፣ ወይ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ከኤርሚያስ ጋር ተመካክረን ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባሌን የማየው በወር አንድ እሑድ ነበር፤ እሱ ከብረቱ በር ውጪ፣ እኔ ከውስጥ፣ ሁለታችንም አፋችንን ሸፍነን።

የኮሮና ሦስተኛው ማዕበል የመጣው በክረምት ነው። እዚህ ሰኔና ሐምሌ ብርዱ ደረቅ ነው፤ ሳል ከሳል አይለይም። ኤርሚያስ ሲታመም አስፈቅጄ ሄድኩ። ሁለት ቀን ከአጠገቡ አልተለየሁም። በሦስተኛው ቀን የአጎቱ ልጅ ላቸቦ ሆስፒታል ወሰደው። እኔም አተኩሶኝ ስለነበር በር ላይ መለሱኝ። በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አስከሬኑን አገር ቤት መላክ በዚያ ሰሞን የማይታሰብ ነበር። ሲቀበር እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተነጥዬ ተኝቼ ነበር። ላቸቦ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ላከልኝ። አሥር ሰከንድ ያህል አየሁና ዘጋሁት።

አላለቀስኩም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እኛ ጋ ያላለቀሰች ሚስት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። በስልክ የሚደውለው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። የኤርሚያስ እህት «ታዴ፣ ወይ አልቅሺ ወይ ተናገሪ» ብላ ጮኸችብኝ። ምን ልናገር? እግር ተጣጥፎ ቆይቶ ሲደነዝዝ ብትቆነጥጡት የሌላ ሰው እግር ይመስላችኋል፤ እኔ ሁለንተናዬ እንደዚያ ነበር። ጸሎትም አልሆነልኝም። የረቡዕ የጸሎት ፕሮግራማችን በዙም ነበር፤ ስማቸው በትንንሽ ሳጥን ተጽፎ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። እኔ ድምፄን አጥፍቼ «ጌታ ሆይ» እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው ቃል አይመጣም።

ተመርምሬ ነጻ ስባል ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ገና በሩን ስገባ የኮሪደሩ መስታወት በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ከሥሩ አጭር ዱካ ተቀምጧል። ሚስስ ፍሬዳ የብረት መራመጃቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ምን ሆኖ ነው መስታወቱ?» አልኳቸው።

«እኛ ቤት ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የምናደርገው። ተቀመጪ።»

«የአሥር ሰዓት ኪኒንዎ ደርሷል።»

«ኪኒኑን ስጪኝና ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እስኪመሽ እሳቸው በወንበራቸው፣ እኔ በዱካዬ ላይ ዝም ብለን ቆየን።

አሁን ስለ አንዲት መጽሐፍ ልንገራችሁ። ሚስስ ፍሬዳ ጠዋት ጠዋት በማጉያ መነጽር የሚያነቧት ቡናማ የሆነች ቀጭን መጽሐፍ ነበረቻቸው፤ ጥራዟ የላላ፣ ገጾቿ ላይ የሰም ጠብታ የደረቀባት። መጽሐፍ ቅዱስ ትመስለኝ ነበር። በዚያ ነሐሴ አንድ ጠዋት ጠየቅኳቸው።

«የእናቴ ናት» አሉኝ። «ከሊቱዌንያ በመርከብ ስትመጣ በጉያዋ ይዛት የመጣች። የሴቶች ጸሎት ናት። ትኺኔ ይባላል፤ ልመና ማለት ነው። አባቴ በምኵራብ በዕብራይስጥ ነበር የሚጸልየው። እናቴን ዕብራይስጥ ያስተማራት የለም። ስለዚህ በዪዲሽ፣ ዶሮ በምትገዛበት፣ እኔን በምትቆጣበት ቋንቋ ትጸልያለች። ሻማ ስታበራ የሚባል አለ። ሊጥ ስትቆርስ የሚባል አለ። ምጥ ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ መቃብር ስትሄድ፣ ለሁሉም አለው።»

«እግዚአብሔርን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

«ጎተንዩ» አሉና ፈገግ አሉ። «'እግዜርዬ' እንደማለት ነው። ልጅ እናቷን እንደምታቆላምጥ።»

ከዚያ ያለንበት ወር ከአዲስ ዓመታቸው በፊት ያለው፣ ሙታን የሚጎበኙበት ወር መሆኑን ነገሩኝ። በዚህ ወር እናታቸውና ሌሎች ሴቶች የጥጥ ክር ይዘው መቃብር ይሄዱ ነበር። እየጸለዩ ክሩን በመቃብሩ ዙሪያ ይዘረጉታል፣ ይለኩታል፤ ቤት ወስደው ክሩን እየገመዱ በሰም ነክረው ለታላቁ የጾም ቀን ሻማ ይሠሩበታል። እሳቸው ልጅ ሆነው እዚሁ ጆሃንስበርግ አይተዋል። አድገው ግን ራሳቸው አድርገውት አያውቁም።

«የባልሽ መቃብር የት ነው?» አሉኝ ድንገት።

«ከዳቬይተን ብዙም አይርቅም ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«አላየሁትም።»

ማጉያውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አጃቸውን ይዤ ስገባ ለብሰው ጠበቁኝ። ኮፍያ አድርገዋል፣ የውጪ ጫማቸውን ተጫምተዋል። ጭናቸው ላይ የእጅ ቦርሳ አለ። ከቦርሳው ውስጥ መጽሐፏና አንድ ድውር ነጭ የጥጥ ክር ይታያሉ።

«መኪና ጥሪ» አሉ።

ለክትባት ካልሆነ በቀር ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ከዚያ በር ያልወጡ ሰው ናቸው። ሻሮን የመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ አንድ ሕግ ነበር፦ እናቴ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከበር ከወጣች ሥራሽ አበቃ። ሥራዬ ቢያበቃ የማድርበት አልነበረኝም። ሱቁን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ፔፐር የምንለው የጥገኝነት ፈቃድ ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል፤ የስደተኞች ቢሮው ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ዝግ ነው።

«አልችልም፣ ሚስስ ፍሬዳ። ሻሮን ታባርረኛለች።»

«እኔ እናቷ ነኝ፣ ዕቃዋ አይደለሁም።»

«ቢታመሙስ?»

«ከዚህ ዕድሜ በኋላ ሌላ ምን እታመማለሁ? አንቺ ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ።» ተነሥተው መራመጃቸውን ይዘው ወደ በሩ ገፉ። ደፍ ላይ ሊሰናከሉ ሲሉ ያዝኳቸው። መራመጃቸውን ግን አልለቀቁም።

ለላቸቦ ደወልኩ። መፍራት ነበረብኝ፤ ፍርሃቱ እንኳ ሩቅ ነበር።

ላቸቦ ለሱቆች ዕቃ የሚያመላልስባትን ባኪ፣ ትንሿን የጭነት መኪና፣ ይዞ መጣ። ሦስታችንም ፊት ተቀመጥን፣ መስኮቶቹን እስከ ታች ከፈትን። የነሐሴ ነፋስ ከወርቅ ማዕድን ማውጫ ወጥቶ የተከመረውን ኮረብታ አቧራ ያንቦለቡላል። ሚስስ ፍሬዳ ኮፍያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ከማስኩ በላይ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ከተማውን ያያሉ።

«ታዴ፣ እኚህ ሴትዮ ቢሞቱብንስ?» አለኝ ላቸቦ በአማርኛ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

የመቃብሩ ስፍራ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ላቸቦ ሞተሩን አጠፋ። ኤርሚያስን ሲቀብሩ የመጨረሻው ረድፍ ነበር። አሁን ከእሱ በኋላ የተቆፈረው ቀይ አፈር ዓይን እስኪታክት ተዘርግቷል። አብዛኛው ገና ድንጋይ አልተተከለበትም። ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ተመትታ፣ አንዳንዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ አንዳንዱ ላይ ስኒ ወይም የሕፃን ጫማ፣ ሌላው ላይ ምንም የለም።

ሚስስ ፍሬዳን ተጣጣፊ ወንበር ላይ በባኪዋ ጥላ አስቀመጥናቸውና መፈለግ ጀመርን። ላቸቦ ቁጥሩ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ነበረችው፤ ኪስ ውስጥ ስትታሽ ቆይታ አንደኛው አኃዝ ደብዝዟል። ረድፍ በረድፍ ሄድን። ብዙዎቹን ቆርቆሮዎች ነፋስ ገንጥሏቸዋል፣ ሰውም ሳይነቅላቸው አልቀረም። ከሰዓት በላይ ዞርን። ስልኬ ጮኸ፤ ሻሮን ነበረች። አላነሣሁም። ደግማ ደወለች። ኪሴ ከተትኩት።

አንድ የስፍራው ሠራተኛ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ፤ ባባ ሲቶሌ ነኝ አለን፣ ፂሙ የሸበተ ሰው። መጀመሪያ ወደ ሚስስ ፍሬዳ ዞሮ፣ «ሳዉቦና፣ ጎጎ» ብሎ በዙሉ ቋንቋ እንደ አያት ሰላም አላቸው።

«ዬቦ፣ ባባ» ብለው እሳቸውም በዚያው ቋንቋ መለሱለት፤ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው።

ወረቀቷን ወስዶ ቢሮ ሄደ፣ ከመዝገቡ አመሳክሮ ተመለሰ። «ይህ የደበዘዘው አኃዝ አንድ ከሆነ እዚያ ጋ ነው» አለ ወደ ግራ እየጠቆመ፣ «ሰባት ከሆነ ደግሞ ያኛው ነው። በመዝገቡ ላይ ለሁለቱም ስሙ በትክክል አልተጻፈም። የእናንተን ስም መጻፍ ይከብዳቸዋል።»

ሁለቱም ጋ ሄድን። በመካከላቸው አርባ እርምጃ ያህል አለ። ሁለቱም የተደፋ ቀይ አፈር ናቸው። ሁለቱም ላይ ቆርቆሮ የለም። ላቸቦ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ላብ አጠመቀው። «እዚህ... አይ፣ እዚያ... ያን ቀን ሰው ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበር፣ ታዴ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

ወደ ሚስስ ፍሬዳ ተመለስኩ። «በቃ፣ እንሂድ» አልኳቸው። «ከሁለት አንዱ ነው። ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

«ለእኔ ያው ነው። ምንም አይሰማኝም፣ ሚስስ ፍሬዳ። ባገኘውም አይሰማኝም። እንሂድ፣ ነፋሱ ይጎዳዎታል።»

ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ስሚኝ» አሉ። «ከሻሮን በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ሚና። ዘጠኝ ቀን ኖረች። እኔ ወልጄ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ወር ያልሞላት ሕፃን ናት፣ ለቅሶ አይቀመጡላትም አሉ። ወስደው ቀበሯት። ባሌ ስመለስ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አለመጠየቅ ጥንካሬ ይመስለኝ ነበር። ባሌ ሞተ፣ የቀበሩትም ሞቱ። ይኸው ስልሳ ሁለት ዓመት፣ በዚህ ከተማ ውስጥ የት እንዳለች አላውቅም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔም ምንም አልተሰማኝም ነበር። አንቺ ከሁለት አንዱ ነው ትያለሽ። እኔ ከሁለት አንዱ ቢሉኝ በጉልበቴ እሄድ ነበር።»

ያኔ ነው ቪዲዮዋ ትዝ ያለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። የሻሮን ጥሪ ሰባት ደርሷል፤ አሳለፍኩትና ቪዲዮውን ከፈትኩት። አውራ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ሚስስ ፍሬዳ ጣታቸውን ሰድደው ተጫኑልኝ።

አሥሩ ሰከንድ አለፈ፤ ነጭ የለበሱት ሰዎች፣ ሣጥኑ። ከዚያ ያላየሁት ጀመረ። ሣጥኑ ሲወርድ ገመዱ በአንድ በኩል ተንሸራተተና ላቸቦ ጮኸ። አንድ ሰው በማስኩ ውስጥ መዝሙር ጀመረ፣ ሦስት አራቱ ተቀበሉት። አካፋ። አፈር። መጨረሻ ላይ ስልኩን የያዘው ሰው ሊያጠፋ ሲል እጁ ዞረና ከመቃብሩ ጀርባ ያለው ታየ፦ ከመሬት ብቅ ያለች የውሃ ቧንቧ፣ ከሥሯም የተሰነጠቀ ቢጫ ባልዲ።

ቀና አልኩ። ቧንቧዋ ከቀኙ መቃብር ጀርባ ቆማለች። ባልዲው የለም። ቧንቧዋ ግን ያቺው ናት።

«ያ ነው» አልኩ።

ላቸቦ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ሚስስ ፍሬዳን እሱና ባባ ሲቶሌ ከነወንበራቸው ተሸክመው መቃብሩ ራስጌ አስቀመጧቸው። ድውሩን አወጡ፣ የክሩን ጫፍ ራሳቸው ያዙ፣ ድውሩን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሳትቸኩዪ፣ በዙሪያው ሂጂ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬን ከማንሣቴ በፊት አመነታሁ። እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ለሙታን አይጸለይም፣ ሻማ አይበራም። «በእኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም» አልኳቸው።

«ማን ጸልዪለት አለሽ? እኔ የምጸልየው በሕይወት ላለነው ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ለኪ። ባልሽ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ እወቂ።»

ይህስ ኃጢአት አይመስልም። ጎንበስ ብዬ ክሩን አፈሩ ላይ እየዘረጋሁ ሄድኩ። በጎን በኩል፣ በግርጌ በኩል፣ በሌላኛው ጎን። ኤርሚያስ ረጅም ሰው ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሲቆም ጣሪያው ይነካው ነበር። መቃብሩም ረጅም ነው። በየጥቂት እርምጃው ነፋስ ክሩን ያነሣብኛል፣ ጓል እጭንበታለሁ። እሳቸው መጽሐፏን ገልጠው በማጉያው ያነባሉ፤ ድምፃቸው እንደ ማጉረምረም ነው፣ በመካከሉ «ጎተንዩ» ሲሉ ብቻ እሰማለሁ። ዞሬ ራስጌው ስደርስ ማንበባቸውን አቆሙ።

«እዚህ ላይ ስም ይገባል» አሉኝ። «መጽሐፉ ክፍት ቦታ ትቶልሻል። የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«የአባት አይደለም። እዚህ የሚጠራው እናት ናት።»

በሕይወቴ ሙሉ፣ በትምህርት ቤትም በቀበሌም፣ በስደተኛ ቢሮም፣ ማንም የእናቴን ስም ከስሜ ጋር አድርጎ ጠርቶ አያውቅም። «አማረች» አልኩ።

«ታደለች የአማረች ልጅ» ብለው በዪዲሽ ጨምረው አነበቡት። ከዚያ መጽሐፏን ዘጉ። «የእኔ አለቀ። አሁን አንቺ።»

«ቃል የለኝም። ሰባት ሳምንት ሞክሬያለሁ።»

«በምን ቋንቋ ነው የሞከርሽው?»

«በአማርኛ። ቤተ ክርስቲያን የምንጸልየው በአማርኛ ነው፤ ከየብሔሩ ስለሆንን።»

«እናትሽስ?»

እናቴ አማርኛ ሳትችል ነው የሞተችው። በሀዲይኛ ነበር የምትጸልየው፤ እንሰት እየፋቀች፣ ከላም ጋር ስትነጋገር በምትጠቀምበት ድምፅ። እግዚአብሔርን «ዋዓ» ትለዋለች። እኔ ትምህርት ከገባሁ በኋላ በዚያ ቋንቋ ጸልዬ አላውቅም። ለጸሎት የማይበቃ፣ የጓሮ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። «ዋዓ» አልኩ። የድምፄ ሻካራነት አስደነገጠኝ። ቀጠልኩ፤ ያልኩትን ወደ አማርኛ ሳመጣው ይህን ያህል ነው፦ «እኔ ታደለች ነኝ፣ የአማረች ልጅ። ኤርሚያስ እዚህ አለ። ዘግይቼ መጣሁ፣ አሞኝ ነበር። ምንም አይሰማኝም። አይሰማኝም እያልኩህ ነው፣ ሰማኸኝ? ሌላ የምሰጥህ የለኝም።» ያ ብቻ ነው። አሜን ማለትም ረሳሁ።

ከኋላዬ ላቸቦ ተንበረከከ። የገዛ ቋንቋውን በዚያ ስፍራ ሲሰማ አንጀቱ አልቻለም፤ ትከሻው እየተናጠ እንደ ልጅ አለቀሰ። ባባ ሲቶሌ ባርኔጣውን አውልቆ ዞር አለ። እኔ ያኔም አላለቀስኩም። ግን አፈሩ ጉልበቴን ሲወጋኝ ተሰማኝ። ድንጋዩ፣ ቅዝቃዜው ተሰማኝ። ከሰባት ሳምንት በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር የጉልበቴ ሕመም ነው።

የለካሁትን ክር በጥሼ ልጠቀልል ስል ሚስስ ፍሬዳ ድውሩን ጠየቁኝ። የግራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የክሩን ጫፍ ክርናቸው ላይ አድርገው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ዘረጉት።

«ይህን ያህል ነበረች» አሉ። «ስትታቀፍ ከክርኔ እስከዚህ። ቁረጪልኝ።»

መቀስ አልነበረንም። በጥርሴ ቆረጥኩላቸው።

ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ስልኬ አሁንም እየጮኸ ነበር። በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት።

«የት ነበራችሁ?» አለች ሻሮን፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «ጎረቤት ደውላ እናቴ በጭነት መኪና ስትሄድ አየሁ አለችኝ! ፖሊስ ልጠራ ነበር! ታደለች፣ እናቴን ሰርቀሽ ወረርሽኝ ውስጥ... ዛሬውኑ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«እሺ» አልኩ።

ሚስስ ፍሬዳ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም፤ ክሩ ጣታቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነው።

«ሻሮን፣ ተቀመጪ።»

«እማ፣ አሁን...»

«ተቀመጪ አልኩሽ። እኅት ነበረችሽ።»

ከዚያ ያለውን አልሰማሁም፤ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። በመስኮት ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኛል፤ በኋላ የሁለት ሴቶች ለቅሶ፣ አንዱ ከክፍሉ፣ አንዱ ከስልኩ። ሲጠሩኝ ገባሁ። ሻሮን ገና መስመር ላይ ነበረች።

«ታደለች» አለችኝ፤ አፍንጫዋ ተዘግቷል። «ተመርመሩ። ሁለታችሁም። እና... ክሩን እንዳትጥዪው።»

ስለ ዕቃዬ ዳግመኛ አልተነሣም። ለአሥር ቀን ግን ሰላም አላገኘሁም። ጠዋት ጠዋት ሙቀታቸውን ስለካ፣ ባስነጠሱ ቁጥር ከእንቅልፌ ብንን ስል ሰነበትኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆኑም። ሻሮን የቀብር ማኅበሩን የድሮ መዝገቦች ማስፈለግ ጀመረች፤ ከወራት በኋላ ሕፃናት የተቀበሩበትን ጥግ አገኙ። የትኛዋ ሚና እንደሆነች ግን መዝገቡ አይልም። ሚስስ ፍሬዳ ይህን ሲሰሙ፣ «ጥጉን ማወቅም ትልቅ ነገር ነው» አሉ፤ አልከፋቸውም።

ከድውሩ ላይ በመቃብሩ ልክ ሁለተኛ ክር ቆርጠን ተካፈልን። እሳቸው ድርሻቸውን ከሚና ክር ጋር ገምደው በሰም ነከሩት፤ ድስቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሻማው ጠማማ ሆኖ ወጣ፣ ለጾማቸው ዋዜማ አበሩት። እኔ አላበራሁም፤ ያ የእሳቸው ነው። የእኔን ድርሻ እንዳለ ጠቅልዬ፣ የአውሮፕላን በረራ ሲከፈት አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ለኤርሚያስ እናት ላክሁላቸው። «ይህ የልጅዎ መቃብር ዙሪያ ነው» ብዬ በስልክ ነገርኳቸው። ግቢያቸው ውስጥ አፈሩ ላይ በልኩ ዘርግተውት፣ ጎረቤት ጠርተው ዙሪያውን ተቀምጠው አለቀሱ አሉ። እስከዚያ ድረስ የሚቀመጡበት አጥተው ነበር።

ይህን ጉዳይ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችን ስነግራቸው፣ «ክር መለካት ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ከአይሁድ እናቶች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልከራከራቸውም፤ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ሥርዓት ልጀምር አልሄድኩም፣ ባሌ የት እንዳለ ልይ ነው የሄድኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በዚያ ዘመን ሰው በስክሪን የቀበራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። መጽናኛ እንድነግራችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የለኝም። ድንዛዜው በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ዛሬም እየሄደ ይመለሳል። በሰው ፊት የሚገባውን ያህል አልቅሼ አላውቅም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ በፊት እግዚአብሔር ፊት ለመቅረብ መጀመሪያ የሚሰማኝ ነገር ሊኖረኝ፣ ከዚያም ያማረ ቃል ማግኘት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ምድጃው ፊት ቆሜ፣ በዚያው በጓሮ ቋንቋዬ፣ ያለውን እንዳለ እነግረዋለሁ። አንዳንድ ቀን «ናፈቀኝ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ስለ ዱቄት መወደድ እነግረዋለሁ። ብዙውን ቀን የምለው «ዛሬም ምንም የለም» ነው። ይህንንም ሳልናገር አልውልም።